የአሮጌ ብሩክስ ኮርቻ ግምገማ፦ ዕድሜው ከብረቱ፣ ጤንነቱ ከቆዳው

በብሪታንያ አሮጌ ብስክሌትና የብስክሌት ዕቃ በሚሸጥባቸው ገበያዎች ላይ የብሩክስ የቆዳ ኮርቻ የማይጠፋ ዕቃ ነው፤ ዕድሜው ግን አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይነገራል። ቆዳው ከጠቆረ «የ1950ዎቹ ነው» ይባላል፤ ጠቁሮም ከተሰነጠቀ ደግሞ «ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ» ይሆናል፤ ዋጋውም ከተነገረው ዕድሜ ጋር አብሮ ይወጣል። ይህን ግምገማ የጻፍኩት ቢ17 የተባለውን የብሩክስ ሞዴል አሮጌ ኮርቻ ገዝቼ በብስክሌቴ ላይ ካሰርኩት በኋላ ነው። ሻጩ በቅን ልቦና የ1950ዎቹ መሆኑን ነግሮኝ ነበር፤ በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ግን 72 ይላል። ዕቃውን የወደድኩት በመሆኑ የሃያ ዓመቱ ልዩነት አላሳዘነኝም፤ ሆኖም በአውሮፓ የምንኖርና ለዚህ ዓይነት ዕቃ ፍቅር ያደረብን ገዢዎች ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ምን ማየት እንዳለብን በአማርኛ ተጽፎ ማግኘት ይገባናል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ። የድርጅቱ መሥራች ጆን ቦልትቢ ብሩክስ በ1866 በበርሚንግሃም ከተማ የፈረስ ዕቃና ልዩ ልዩ የቆዳ ሥራዎችን የሚያመርት ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነበር። በ1878 ፈረሱ ሲሞትበት ወደ ሥራ የሚሄድበት ብስክሌት ተዋሰ፤ መቀመጫው እጅግ ስላልተመቸውም የተሻለ ለመሥራት ተነሣ፤ በ1882 የመጀመሪያውን የኮርቻ ፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። አንድ ወፍራም፣ በዕፅዋት ጭማቂ የለፋ የከብት ቆዳ ከፊት ከአፍንጫው ብረት፣ ከኋላ ደግሞ ከአንድ ቆልማማ ብረት ጋር በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚዘረጋ የብረት ምስማር) ይያያዛል፤ በሁለቱ መካከልም ተወጥሮ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ስፖንጅም ሆነ ፕላስቲክ የለውም፤ የተቀመጠውን ሰው ክብደት የሚሸከመው የቆዳው ውጥረት ብቻ ነው። ስለዚህ ቆዳው ከተቀማጩ አጥንት ጋር እየተስማማ ቅርጹን ይለውጣል፤ ብረቱ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይቆያል።

የዕድሜው ጥያቄ የሚፈታው ከዚህ ልዩነት ነው። ቆዳ ስለ አያያዝ እንጂ ስለ ዓመት ብዙ አይናገርም። የማር ቀለም ያለው ኮርቻ በፀሐይ፣ በላብና በቅባት ምክንያት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥቁር ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የኖረ የሃምሳ ዓመት ኮርቻ ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ዝናብ እየመታው ደጅ የከረመ አዲስ ኮርቻ ክፉኛ ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጎኖቹም ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። በቆዳው ጎንና አናት ላይ በማህተም የተጫነው የድርጅቱ ስም እንኳ ብዙ በተነዳበት ኮርቻ ላይ እየሳሳ ይጠፋል፤ ስሙ ስለጠፋ ብቻ ግን ኮርቻው ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም። ከቆዳው ቀለም ተነሥቶ ዓመት የሚናገር ሻጭ ቢያጋጥም በትሕትና አዳምጦ ኮርቻውን መገልበጥ ይበጃል።

ሲገለበጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት ከኋላ ቆዳውን የያዘው ቆልማማ ብረት ነው። በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተሠሩ በርካታ የብሩክስ ኮርቻዎች ላይ በዚህ ብረት ላይ አንድ የላቲን ፊደልና ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር ተመትቶ ይገኛል፤ ሁለቱ አሃዞች የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ። ምልክቱ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም በአቧራ፣ በአሮጌ ቅባትና በዝገት ተሸፍኖ አይታይም። በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብሎ ከተጠረገ በኋላ የእጅ ባትሪን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አጋድሞ ማብራት ይሻላል፤ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ የተመታው ቦታ ጥላ ስለሚጥል ቁጥሩ ጎልቶ ይወጣል። በብረት ብሩሽ መፈተግ ግን አይገባም፤ ክሮሙን ይገፋል፣ የተመታውንም ምልክት ያደበዝዛል። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ከገንዘቡ በፊት የዚህን ብረት ፎቶ ከቅርብ ተነሥቶ እንዲላክለት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ጥሩ ሻጭ አይከፋበትም።

ሁሉም ኮርቻ ይህ ምልክት የለውም። በማይኖርበት ጊዜ ትክክለኛውን ዓመት ትቶ ዘመኑን መፈለግ ይገባል፤ ለዚህ ደግሞ የሞዴሉ ስም የተሻለ ረዳት ነው። ቢ17 ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በድርጅቱ ካታሎግ ውስጥ የኖረ በመሆኑ ስሙ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ስዋሎ የተባለው ጎኖቹ ወደ ሥር ታጥፈው የተያያዙለት ቀጭን ኮርቻ ግን የወጣው በ1930ዎቹ ነው፤ ፕሮፌሽናል የሚባለው የውድድር ሞዴልም የመጣው በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ ፕሮፌሽናል የሚል ማህተም ያለውን ኮርቻ የ1940ዎቹ ብሎ የሚያቀርብ ሰው ተሳስቷል። ካምቢየም ደግሞ ከጎማና ከጥጥ የሚሠራ፣ በ2013 የወጣ ሞዴል ነው፤ መልኩ የቀድሞዎቹን ቢያስታውስም ከቆዳ ኮርቻዎች ተራ አይገባም። ሪቬቶቹም ይናገራሉ፦ በተራ ሞዴሎች ላይ ትናንሽ የብረት ሪቬቶች ሲገኙ፣ በብዙ ፕሮፌሽናሎች ላይ ያሉት በመዶሻ ተቀጥቅጠው የተዘረጉ ትልልቅ የመዳብ ሪቬቶች ናቸው። ሪቬት ግን በጠጋኝ እጅ ሊቀየር ስለሚችል በሪቬት ብቻ መፍረድ አያስተማምንም። ከኋላ የሚለጠፈው የስም ታርጋም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ኮርቻ ተነቅሎ በሌላው ላይ ሊመታ ይችላል።

ከሥር ያሉት የብረት ዘንጎችም ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣሉ። ቢ17ና ፕሮፌሽናል በሁለት ዘንግ የሚቆሙ ሲሆኑ፣ ለከተማ ብስክሌቶች የተሠሩት ቢ66ና ቢ72 በእያንዳንዱ ጎን ድርብ ዘንግ፣ በአጠቃላይ አራት አላቸው። ቢ66 ከኋላ ጥምዝ ሞላዎች አሉት፤ በቢ72 ግን ዘንጎቹ ራሳቸው ተጠምዝዘው የሞላውን ሥራ ይሠራሉ። ይህ ለዕድሜ ብቻ ሳይሆን ለኪስም ይጠቅማል፤ ባለ አራት ዘንጉ ኮርቻ በዛሬው የተለመደ የኮርቻ ማሰሪያ ላይ አይገጥምም፣ የራሱን አሮጌ ማሰሪያ ይፈልጋል። ማሰሪያው ከኮርቻው ጋር አብሮ ካልተሸጠ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። የቢ66ን ምቾት በዘመናዊ ማሰሪያ ላይ የሚፈልግ ሰው ባለ ሁለት ዘንጉን ቢ67 ቢመርጥ ከዚህ ችግር ይድናል።

ኮርቻው የሚሸጠው ከነብስክሌቱ ከሆነ ደግሞ እጅግ ጥሩ ምስክር ከኋላ ጎማው መካከል ይገኛል። ራሌን በመሳሰሉ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የተገጠመው የስተርሚ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ ሐብ (የጎማው እምብርት) ከላዩ የተሠራበት ዓመትና ወር ተመትቶበታል። ኤደብሊው (AW) ከሚለው የሐቡ ሞዴል ስም አጠገብ 68 እና 3 የሚሉ ቁጥሮች ቢታዩ ሐቡ በማርች 1968 ተሠርቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሐቡ እንጂ የኮርቻው አይደለም፤ ሐቡም ኮርቻውም ባለፉት አሥርት ዓመታት ተቀይረው ሊሆን ይችላል። የኮርቻው ሞዴል ለብስክሌቱ ዓይነት የሚገባ ከሆነ፣ የዝገቱም መጠን በኮርቻው ዘንግና በብስክሌቱ ክሮም ላይ ተመሳሳይ ከሆነ ግን አብረው የኖሩ ናቸው ብሎ መቀበል ይቻላል። እኔ የማምነው እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ሲገጥሙ ነው።

ብሩክስ ብቻውን አልነበረም። ፈረንሳይ ኢዴያል የተባሉ፣ በእኔ ዓይን ከብሩክስ የማያንሱ የቆዳ ኮርቻዎች ነበሯት። ምርታቸው በ1980ዎቹ ስለቆመ ማንኛውም ኢዴያል ቢያንስ የዚያን ዘመን ዕድሜ እንዳለው ያለ ምርመራ ማወቅ ይቻላል። ራይትስ የሚል ስም ያላቸውን የእንግሊዝ ኮርቻዎችም ገዢው አይናቃቸው፤ በኋለኛው ዘመን ከብሩክስ እጅ የወጡ ናቸው፣ ስማቸው ስላልገነነ ብቻም በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛሉ።

ዓመቱን በትክክል ማወቅ ለማን ይጠቅማል? በ1997 በኢጣልያ ቶስካና የተጀመረው ኤሮይካ የተባለው ጉዞ ተሳታፊዎቹን ከ1987 ወይም ከዚያ በፊት በተሠራ ብስክሌት እንዲነዱ ያዛል፤ ለእንዲህ ያለ ጉዞ አሮጌ ብስክሌቱን በዘመኑ ዕቃ ለማደስ የሚደክም ሰው በኮርቻው ላይ የተመታውን ቁጥር መፈለጉ ተገቢ ነው። ሰብሳቢም እንዲሁ። በየቀኑ ወደ ሥራ የሚነዳበት ሰው ግን ለዓመቱ ሳይሆን ለቆዳው ጤንነት ይክፈል። ከኮርቻው አፍንጫ ሥር የመወጠሪያ ብሎን አለ፤ ቆዳው በላላ ቁጥር ዳዶው በልዩ መፍቻ እየዞረ አፍንጫውን ወደፊት ይገፋል። የብሎኑ ጥርስ አብዛኛው ተጎልጉሎ ከታየ ቆዳው እስከ መጨረሻው ተወጥሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ አጭር ነው። ቀጥሎ የሪቬቶቹ ዙሪያ ይታይ፤ የላይኛው ሽፋን ላይ ያለ ቀጭን ጭረት አያስፈራም፣ ከሪቬት ቀዳዳ የሚነሣ ስንጥቅ ግን በክብደት ሥር ይቀደዳል፤ የትኛውም ቅባት አይመልሰውም። በመጨረሻም መሐሉን በአውራ ጣት መጫን ነው፤ ደህና ቆዳ በጥቂቱ ይሰጥና ይመለሳል፣ የሞተ ቆዳ ወይ እንደ ጣውላ ደርቆ ይቀራል፣ ወይም ሰጥሞ አይመለስም።

የእኔው ቢ17 እነዚህን ፈተናዎች ሁሉ አልፏል፤ ብሎኑ ገና ብዙ ጥርስ ይቀረዋል፣ ሪቬቶቹም ንጹሕ ናቸው። ከአዲሱ ጋር ሳነጻጽረው አሮጌው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመቻል፤ አዲስ ቢ17 ግን ከሰውነት ጋር እስኪላመድ ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ አሮጌው የለመደው የሌላ ሰው አጥንት ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ይቀመጥ ከነበረ ያ ጉድጓድ ለአዲሱ ባለቤት ይተርፋል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ኮርቻውን ከኋላ በዓይን ደረጃ አድርጎ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሆነ ቀላል ብስክሌት ለሚፈልግ ተወዳዳሪ አልመክረውም። ቀጥ ብሎ ወይም በመጠኑ ጎንበስ ብሎ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ግን ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አላየሁም።

ለእንክብካቤው የድርጅቱ ፕሩፋይድ የተባለ፣ ከሞራና ከሰም የሚዘጋጅ ቅባት በስሱ በላዩም በሥሩም ይቀባል፤ የሥሩ ጎን ቀለም ያልተቀባ በመሆኑ ቅባቱን የበለጠ ይጠጣል። ቆዳውን በፈሳሽ ዘይት መንከር ግን ማጥፋት ነው፤ ይለሰልስና ውጥረቱን ያጣል። ዝናብ ካገኘው ከማሞቂያ አጠገብ ሳያስቀምጡ በጥላ ማድረቅ፣ እርጥብ ሳለም አለመቀመጥ ይገባል። የመወጠሪያውን ዳዶም ቆዳው ረግቦ ካልታየ በስተቀር አይንኩት፤ መንካት ሲያስፈልግም ሩብ ዙር አዙሮ ለጥቂት ሳምንታት መንዳትና መልሶ ማየት ይበቃል።