የመኪናዬን ወንበር ሞላ ላደሱልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሽቱትጋርትና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ አሮጌ መኪና ለምታድሱ ወገኖቼ፦ ይህን የምጽፈው የ1965 ሞዴል መርሴዲስ 230 ኤስኤል መኪናዬን ወንበር ያደሱልኝን ጀርመናዊ አዛውንት ለማመስገንና እናንተም ሥራቸውን እንድታውቁላቸው ነው። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን ለሚፈልግ ሰው ግን በግል እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ጣሪያው መሀሉ ላይ ጎድጎድ ስለሚል «ፓጎዳ» (የእስያ ቤተ መቅደስ ዓይነት) የሚል ቅጽል የወጣለት ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1963 በጄኔቫው የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ የተሠራውም እዚሁ አጠገባችን ዚንደልፊንገን ነው። ሞተሩን፣ ፍሬኑንና ቀለሙን በሦስት ዓመት ውስጥ አሳድሼ ስጨርስ የቀረኝ ወንበሩ ነበር። ሹፌር ሲገባና ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በበሩ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ በመሆኑ፣ ወንበሩ በዚያ በኩል ወርዶ፣ ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ወገቤን ይይዘኝ ነበር። አስቀድሜ የሰጠሁት ሌላ ሠራተኛ ቆዳውን ገልጦ፣ ከሥር በተሰበሩት ሞላዎች (መቀመጫውን በሚሸከሙት የሽቦ ጥቅልሎች) ላይ ስፖንጅ ደርቦ መልሶ ሰፋው። ለጥቂት ሳምንታት ደህና መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሞላው ስባሪ ስፖንጁን በስቶ ይወጋኝ ጀመር።

እኚህ አዛውንት በጀርመን አገር «ማይስተር» የሚባለውን የሙያ ማዕረግ የያዙ የመኪና ወንበር ሠሪ ናቸው። ሙያው በጀርመንኛ «ዛትለር» ይባላል፤ የቃሉ መነሻ ትርጉም ኮርቻ ሠሪ መሆኑን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ቆዳውን ሳይቀዱ አውልቀው፣ እንደ ዱቄት የሚረግፈውን አሮጌውን የፈረስ ፀጉርና የኮኮናት ቃጫ ምንጣፍ ካነሱ በኋላ፣ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥተው ፎቶ አነሡአቸው። ለመለኪያ የተጠቀሙትም ብዙ ሰው ያልተቀመጠበትን የተሳፋሪውን ወንበር ነበር፤ የዚያኛውን ሞላዎች ቁመትና የሽቦውን ውፍረት ለክተው፣ ለተሰበሩትና ለሟሸሹት ምትክ የሚሆኑ አዳዲስ ሞላዎችን በዚያው ልክ አስጠቀለሉ።

የተሰበሩት ቢበየዱ አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ሞላው ከብየዳው አጠገብ እንደገና እንደሚሰበር፣ የደከመውንም ሞላ ጎትቶ ማስረዘም ቁመቱን እንጂ ጉልበቱን እንደማይመልስለት በትዕግሥት አስረዱኝ። ሞላውን ሁሉ አውጥቶ በስፖንጅ መሙላትንም አልወደዱትም፤ ምክንያታቸውም የመቀመጫው ከፍታ ስለሚለወጥ ሹፌሩ ከመሪውና ከፔዳሉ ጋር ያለው ርቀት ይዛባል የሚል ነው። ይህን እውነት መሆኑን አሁን በሰውነቴ አውቀዋለሁ።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ቀለም ከቀቡት በኋላ፣ ሞላዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ አሰሩአቸው፤ በላያቸውም ጥቅጥቅ ያለ ጆንያ ወጠሩ። ጆንያው ባይኖር ምንጣፉ በሞላዎቹ መካከል እየሰረገ በአጭር ጊዜ ያልቅ ነበር። ከጆንያው በላይ አዲስ ምንጣፍ አድርገው፣ የቀድሞውን ቆዳ መልሰው አለበሱት።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። እኔ የሁለቱም ወንበሮች ሞላ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር ገንዘብ አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። እሳቸው የተሳፋሪውን ወንበር መርምረው ሞላው ጤነኛ ስለሆነ ጽዳትና ጆንያ ብቻ እንደሚበቃው ነገሩኝ፤ ለእሱም ያስከፈሉኝ የዚያኑ ብቻ ነው። ከሹፌሩ ወንበር የወጡትን አሮጌ ሞላዎችም በካርቶን አድርገው፣ የተቀየረው የትኛው እንደሆነ እያሳዩ አስረከቡኝ። ማንም በማያየው ቦታ፣ ከቆዳ ሥር፣ እንዲህ በታማኝነት የሚሠራ ሰው በማግኘቴ ደስታዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እስከ ቦደን ሐይቅ ሄደን ስንመለስ ወገቤን አንድም ጊዜ አላመመኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወደ እሳቸው መሄድ የምትፈልጉ ሁሉ በክረምቱ የብርድ ወራት ቀጠሮ ብትይዙ ይሻላችኋል፤ ፀሐይ ወጥቶ ሰዉ መኪናውን ማውጣት ሲጀምር ወረፋው ብዙ ሳምንት ይሆናል። ወንበሩን ራሳችሁ ፈትታችሁ ብትወስዱላቸው የመፍቻውን ሰዓት አያስከፍሉም፤ ቆዳውን ግን አትንኩት፣ እሱን ራሳቸው ማውለቅ ይፈልጋሉ።