መገናኛ ላለው ሞባይል ሰሪ፣ ከ11ኛ ክፍል ፊዚክስ

መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል የሚሠራ ልጅ አለ። ይቺን የምጽፈው እሱን ለማመስገን ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላብራቶሪያችን ከአቧራ በቀር ብዙም የለውም። ግን ፋይፎክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ጀርመን ያለው የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው። እሱን የጫናችሁበት ስልክ ውስጡ ባሉት ሴንሰሮች (ጥቃቅን መለኪያዎች) እንቅስቃሴን ይለካል፤ ላብራቶሪ ሆነ ማለት ነው። ኢንተርኔትም አይፈልግም። ያጣሁት ስልኩን ነው። ተማሪዎቼ ስልክ ይዘው ግቢ አይገቡም፣ የኔ አንዷ ለስንቱ ትዳረስ? ስለዚህ ከመምህራን መሳቢያ 6 የሞቱ ስልኮች ለቃቀምኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ "ለመለዋወጫ ካልሸጥካቸው አይረቡም" አለኝ።

ይሄ ልጅ ግን ሳቀ። "ቲቸር፣ ሴንሰሩ ያለው ቦርዱ ላይ ነው። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ እሱን ምን አገባው?" ሳምሰንጎቹ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ኮከብ፣ መሰላል ነካ ነካ ሲያደርግ የተደበቀ መፈተሻ ወጣ። ስልኩን ባዘነበለው ቁጥር ቁጥሮቹ ይሯሯጣሉ። አንዱን አገላብጦ "ይሄኛው ጃይሮ የለውም፣ መሽከርከር ለመለካት አይሆንዎትም" አለኝ። ይሄን ማን ይነግራችኋል?

አራቱ ተነሱ። ሁለቱን "ገንዘብዎን አያባክኑ" ብሎ መለሰልኝ። የባትሪና የቻርጅ መሰኪያ ዋጋ ተቀበለ፤ የእጁን ግን ብለምነው እምቢ አለ።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ከ1 ሜትር ከፍታ ፍራሽ ላይ ጣልነው። ስክሪኑ የሸረሪት ድር ስለሆነ ግራፉን በሆትስፖት ላፕቶፕ ላይ ነው ያየነው፤ አፑ ይሄንንም ይችላል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የአክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ) ሴንሰሩ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ ያነባል። ሲወድቅ ግን ወደ ዜሮ! ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ሰውዬው በደንብ አልሠራውም፣ ተገልብጧል" ብሎ ጮኸ። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተከራከርንበት። ለካ ሴንሰሩ የሚሰማው ጠረጴዛው ወደ ላይ ሲገፋው ነው፤ አየር ላይ የሚገፋው የለም። ዜሮ ላይ የቆየበትን ጊዜ ለኩ፤ 0.45 ሰከንድ አካባቢ። ከዚያ የመሬትን ስበት ራሳቸው አሰሉት።

ስልክ የተበላሸባችሁ፣ በተለይ መምህራን፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ። ሰኞ ጠዋት ግን አትሂዱ፣ ወረፋው አይጣል ነው።