ለኮምፕሬሰር የተሠራ የድምፅ ማፈኛ ሳጥን፦ ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

ዕቃው 1.6 ሜትር በ1 ሜትር ስፋትና 1.4 ሜትር ቁመት ያለው የላሜራ ሳጥን ነው፤ ከማሽኑ ሥር ከሚገቡ አራት የሞላ (ስፕሪንግ) እግሮችና አየር መሳቢያው ላይ ከሚገባው ማርሚታ (የመኪና ጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) ጋር። የተገጠመው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ ማተሚያ ቤት፣ 5.5 ኪሎ ዋት (7.5 የፈረስ ጉልበት) ሞተር፣ ሁለት ፒስተንና 300 ሊትር ታንክ ባለው ኮምፕሬሰር ላይ ነው። ማተሚያ ቤቱ ምድር ላይ ነው፤ ከላዩ ቢሮ፣ ከቢሮው በላይ ደግሞ መኖሪያ አለ። ሳጥኑን በትእዛዝ የሠራው አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ዋጋውን መጻፍ አይጠቅምም፤ ዛሬ የተጻፈ የላሜራ ዋጋ መርካቶ ሲደረስ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በዕቃ ሲቆጠር ግን 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ሚ.ሜ ላሜራ 6፣ 50 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ 9 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ሱፉን ከውስጥ የሚሸፍን የተበሳሳ ላሜራ፣ አንድ ፋን፣ የበር ጎማና የአየር መግቢያና መውጫ ቱቦ ፈጅቷል።

ሳጥኑ ሥራውን ይሠራል። ብቻውን ቢገጠም ኖሮ ግን የገንዘቡ ግማሽ ይባክን ነበር። ጎረቤት ያስታረቀው እግሩ ነው፤ በኮምፕሬሰሩ አጠገብ ለሚሠራው ሰው የደረሱለት ማርሚታውና ሳጥኑ ናቸው።

ከማሽኑ 1 ሜትር ርቆ፣ ከወለል 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ በድምፅ መለኪያ ሲለካ ኮምፕሬሰሩ ባዶውን 91 ዴሲቤል ነበር። እግሩ ሲቀየር 90፣ ማርሚታው ሲገባ 86፣ ሳጥኑ ሲዘጋ 74 ሆነ። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ መስሎ ይሰማል። የአሜሪካው የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 91 ዴሲቤል አጠገብ መቆየት የሚቻለው 2 ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ውጭ ለሚወጣው ድምፅ ደግሞ የኢትዮጵያ ደረጃ ለንግድ አካባቢ በቀን 65፣ በማታ 55፤ ለመኖሪያ አካባቢ በቀን 55፣ በማታ 45 ዴሲቤል ነው። ከታች ንግድ ከላይ መኖሪያ በሆነበት ሕንፃ ሁለተኛውን ይዞ መነሳት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እግሩ ላይ ነው። ከላይ እንደሚታየው እግሩ መለኪያውን 1 ዴሲቤል ብቻ ነው ያወረደው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የነበረው የወለል ርግብግቢት ግን የጠፋው በእሱ ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ምናለሽ ተራ የሚገኘው ወፍራም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ለዚህ ማሽን ግን ባዶ ወለል ላይ ከማስቀመጥ የባሰ ሆነ። ምክንያቱ በሂሳብ ይታያል። ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ 900 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ በሰከንድ 15፣ ማለትም 15 ሄርዝ ነው። ከሥሩ ያለው ተሸካሚ በክብደቱ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ይለካና 15.8 ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት ይካፈላል፤ የሚገኘው ማሽኑ በራሱ የሚወዛወዝበት ፍጥነት ነው። ጠንካራው ጎማ የወረደው 1 ሚ.ሜ ስለነበር መልሱ 15.8 ሄርዝ መጣ፤ ከማሽኑ ፍጥነት ጋር ግጥም! ጎማው ንዝረቱን በመዋጥ ፈንታ እያባዛ ወደ ወለሉ ሰደደው።

4 ሚ.ሜ የሚወርድ ለስላሳ ጎማ 7.9 ሄርዝ ይሰጣል፤ ከንዝረቱ 60 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ጎማ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብሎ ሲጫን ከሚኖረው የበለጠ ይጠነክራል። 10 ሚ.ሜ የሚወርድ ሞላ ግን 5 ሄርዝ ነው፤ ከማሽኑ ፍጥነት ሲሶ ማለት ነው፣ ወደ ወለሉ የሚያልፈውም አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። ኮምፕሬሰሩ ከነታንኩ 240 ኪ.ግ ስለሚመዝን እያንዳንዱ እግር በአማካይ 60 ኪ.ግ ይሸከማል። ሞላ ሲታዘዝ «ለኮምፕሬሰር የሚሆን» ማለት አያግባባም፤ «60 ኪሎ ሲጫንበት 10 ሚሊሜትር የሚወርድ» ይባል። የሞተሩ ወገን ከበድ ስለሚል እዚያ ያሉት ሁለቱ ትንሽ ጠንከር ይላሉ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ያዘማል። ከሞላው ሥር 10 ሚ.ሜ ጎማ ይነጠፋል፤ ቀጭኑ ድምፅ በሞላው ሽቦ ተጉዞ ወለል እንዳይደርስ።

ሞላ የራሱ ጠባይ አለው። ማሽኑ ሲነሳና ሲቆም በደቂቃ 300 ዙር አካባቢ ሲያልፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ይንገዳገዳል። ይህ ጤናማ ነው፤ የሚጎዳው ከታንኩ የሚወጣው የአየር መስመር ደረቅ የብረት ቱቦ ከሆነ ነው። መገጣጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ከዚያም በላይ የሞላው ሥራ ሁሉ በቱቦው በኩል አልፎ ግድግዳ ላይ ይወጣል። 60 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው፣ የብረት ሽቦ የተሸመነበትና 16 ባር የሚችል ሆዝ ተገጥሟል፤ ሳይወጠር፣ ትንሽ ቅስት ተደርጎ። የኤሌክትሪክ ገመዱም እንዲሁ ልል ይሁን።

ማርሚታው የትንሽ መኪና ነው፤ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የፒስተን ኮምፕሬሰር ትልቁ ድምፅ ከሞተሩ ሳይሆን አየር ከሚስብበት አፍ ነው የሚወጣው፦ ሁለቱ ፒስተኖች እየተፈራረቁ ሲስቡ በሰከንድ 30 ጊዜ «ቡፍ» ይላል። ያገለገለ ማርሚታ ውስጡ ጥላሸትና የዝገት ቅርፊት ስላለበት ፊልትሮው ከማርሚታው በኋላ፣ ከሲሊንደሩ በፊት መግባት አለበት፤ ቦታቸው ከተለዋወጠ ዝገቱ ሲሊንደሩን ይፍቃል። መሳቢያ ቱቦው ከሲሊንደሩ አፍ መጥበብ የለበትም፤ ርዝመቱም 2.9 ሜትር አካባቢ እንዳይሆን፣ በዚያ ርዝመት 30 ሄርዙ ቱቦው ውስጥ ያስተጋባል። የእኛው 1.2 ሜትር ሲሆን የሚስበው ከሳጥኑ ውጭ ነው።

የመለኪያ ነገር ከተነሳ፣ በስልክ አፕሊኬሽን ተለክቶ «ጸጥ ብሏል» የሚባለውን ለማመን አይቸኮል። የተለመደው ኤ ሚዛን (ወፍራሙን ድምፅ እንደ ሰው ጆሮ አሳንሶ የሚቆጥረው የመለኪያ ስልት) 31.5 ሄርዝ ላይ 39 ዴሲቤል ቀንሶ ነው የሚያሳየው። ጎረቤት የሚያማርረው ደግሞ ይኸንኑ ወፍራም ጉምጉምታ ነው። መለኪያው ወፍራሙን ድምፅ ብዙም የማይቀንሰው ሲ ሚዛን ካለው በሁለቱም ይለካ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ችግሩ ያለው እግሩ ወይም መሳቢያው ላይ ነው፣ ሳጥን ቢወፍር አይረዳም።

ወደ ሳጥኑ ስንመጣ ዋናው ራስ ምታት ሙቀት ነው። ሞተሩ የሚበላው 5.5 ኪሎ ዋት ከሞላ ጎደል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ከውጭው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከተፈለገ በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 1,650 ሜትር ኩብ አየር ይበቃል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ 2,200 ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የመጣ የፋን ሠንጠረዥ ይህን አያውቅልንም። ኮምፕሬሰሩ ራሱም እዚህ የበለጠ ይለፋል፦ 8 ባር ለመሙላት ቆላ ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩን 9 እጥፍ ያምቃል፣ እዚህ ከ11 እጥፍ በላይ፤ ስለዚህ የሲሊንደሩ ራስ ይበልጥ ይግላል፣ የሚሠራበት ጊዜም ይረዝማል። የመጀመሪያው ፋን አንሶ ሳጥኑ ውስጥ 52 ዲግሪ ደርሶ ነበር። አሁን በትልቅ ተተክቷል፤ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ ሞተሩን የሚያቆም ቴርሞስታትም ገብቷል።

የአየር መግቢያና መውጫው እያንዳንዳቸው 40 በ50 ሴ.ሜ ናቸው፤ አየሩ በዝግታ ስለሚያልፍ አያፏጭም። ውስጣቸው ሱፍ ለብሶ ሁለት ጊዜ ይታጠፋሉ። በአንዱ ጫፍ ሲያዩ በሌላው ብርሃን ከታየ ድምፁም ያንኑ መንገድ ይዞ ይወጣል።

ቀዳዳ ነገር አይናቅም። ከሳጥኑ ገጽ 1 በመቶው ክፍት ከሆነ፣ ላሜራው የፈለገውን ያህል ቢወፍር ከ20 ዴሲቤል በላይ ማገድ አይቻልም። ወርክሾፑ ሲያስረክብ የሆዙና የገመዱ ማለፊያዎች ጣት የሚያስገቡ ነበሩ፤ በጎማና በሲሊኮን ሲደፈኑ ብቻ 4 ዴሲቤል ወረደ።

በ11 ወሩ ውስጥ ቀድሞ የደከመው የበሩ ጎማ ነው። በማጠፊያው በኩል ተጨፍልቆ ቀረና በ9ኛው ወር 74 የነበረው 78 ሆነ፤ ጎማው ሲቀየር ወደ 75 ተመለሰ። ስፖንጅ መሰሉ ቶሎ ይሞታል፣ እንደ መኪና በር ጎማ ውስጡ ክፍት የሆነው ይሻላል። የወረቀት ብናኝ የአየር መግቢያውን ወንፊት በየ3 ሳምንቱ ይደፍነዋል። በኮምፕሬሰሩ ራስ ፊት ለፊት ያለው ሱፍ ዘይት መምጠጥ ጀምሮ ነበር፤ ዘይት የጠጣ ሱፍ ድምፅ አይውጥም፣ እሳትም ይይዛል። ያ ክፍል ተቀይሮ ከተበሳሳው ላሜራ ጀርባ ስስ ላስቲክ ተደረገለት፤ ከመጀመሪያው መታዘዝ የነበረበት ነገር ነው። የተበሳሳው ላሜራ ሪቬቶችም ሁለቱ ላልተው ሲንጫጩ በቡሎንና በዳዶ ተተክተዋል።

ሌላ ሳጥን ቢታዘዝ የታንኩ ውኃ ማፍሰሻ ከውጭ እንዲከፈት ይደረግ ነበር። አሁን ለማፍሰስ በሩ መከፈት ስላለበት ሠራተኛው ይሰንፋል፤ በክረምት ደግሞ ውኃው ብዙ ነው።

ያልተጠበቀው ውጤት ክፍሉ ውስጥ ነው። የወረቀት ማጠፊያው ማሽን 88 ዴሲቤል ሲሆን ከኮምፕሬሰሩ 91 ጋር አብሮ ሲሠራ ወደ 93 ይጠጋ ነበር፤ አሁን ኮምፕሬሰሩ 75 ሆኖ ሁለቱ ሲደመሩ 88 ናቸው። ላይ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም አቁመዋል፤ ማጠፊያው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ግን የጆሮ መከላከያውን ገና አላወለቀም።