የመኪና መስታወት ጥገና ላስተማሩኝ ጋሼ

ይህን ሙያ ለመጀመር ለምታስቡም፣ መስታወታችሁ በጠጠር ለተመታባችሁም የሚሆን ጥቆማ ይዣለሁ። ምስጋናው ግን ይቅደም። የመኪና የፊት መስታወት ጥገና ያስተማሩኝን ሰው የምጠራቸው ጋሼ እያልኩ ነው። ስማቸው በአደባባይ ሲነሳ ስለማይወዱ እዚህም ጋሼ ብቻ ይሁኑ።

ለዚህ ሥራ መሣሪያ ማግኘት አይከብድም። ሙሉ ዕቃው በአንዲት ቦርሳ ይገባል፣ ማስተማሪያ ቪዲዮውም ሞልቷል። አጠገብ ቆሞ እጅሽን የሚያይልሽ ሰው ማግኘት ነው ጭንቁ። ጋሼ ገና ስጀምር የደንበኛ መኪና አላስነኩኝም። ከመኪና የወጣ አሮጌ መስታወት አጋድመው፣ በሹል ነገር መታ መታ አድርገው "በይ ጠግኚው" አሉኝ። ሲበላሽብኝ አይቆጡም። ሌላ ቦታ ይመቱልኛል።

ከመሣሪያው በፊት ያስተማሩኝ መስታወቱን ነው። የፊት መስታወት ሁለት ንጣፍ ሆኖ መሃሉ ላይ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ አለው። ጠጠር ሲመታው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የውጪው ንጣፍ ብቻ ነው፤ መጠገን የሚቻለውም ለዚህ ነው። የጎኖቹ ግን በአብዛኛው በሙቀት የጠነከረ ነጠላ መስታወት ናቸው። ሲሰበሩ ፍርፋሪ ስለሚሆኑ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ሬዚኑ (ስንጥቁን የምንሞላበት ፈሳሽ ሙጫ) እስኪደርቅ ስንጠብቅ ጋሼ የሚወዷት ታሪክ አለች። ኤድዋር ቤኔዲክተስ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ብልቃጥ ከእጁ አምልጦ ይወድቃል። ብልቃጡ ተሰነጣጠቀ እንጂ አልተበተነም፤ ለካ ውስጡ ላይ የደረቀ ሴሉሎስ ናይትሬት የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ይዞት ኖሯል። ሰውዬው በ1909 እ.ኤ.አ. በፕላስቲክ ለተጣበቀ መስታወት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህችን ታሪክ ያልሰማ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ሥራው ስንመጣ ትልቁ ጠላት አየርና እርጥበት ነው። ስንጥቁ ውስጥ አየር ካለ ሬዚኑ አይገባም። ስለዚህ ኢንጀክተሩ (ስንጥቁ ላይ የሚገጠመው ሬዚን ማስገቢያ መሣሪያ) በመጀመሪያ አየሩን ይስባል፣ ቀጥሎ ሬዚኑን በግፊት ያስገባል፣ ከዚያ እንደገና ይስባል። ጋሼ ከመኪናው ውስጥ በኩል ትንሽ መልክ ማያ መስታወት አስደግፈው ከታች እንዳየው ያደርጉኛል። ጥቁር ጥላ ከታየ አየሩ አልወጣም ማለት ነው። የኢንጀክተሩን ብሎን ማጥበቅ ለምን በልክ እንደሚሆን የገባኝ እዚያ ነው፤ ግፊት ሲበዛ ስንጥቁ ይረዝማል።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪናም አይነኩም። መጀመሪያ ጥላ ስር ገብቶ ይቀዘቅዛል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ፀሐይ ውስጥም ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሆነ ፀሐይ ላይ ገና ሳይሞላ ይጠነክራል። ሞልቶ ሲያልቅ የአልትራቫዮሌት መብራት ይበራበታል፣ ትርፉ በምላጭ ይፋቃል፣ በፖሊሽ ይታሻል። ይሄኛው ቀላል ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ እንቢ ማለታቸው ነው። ስንጥቁ ጠርዝ ከደረሰ፣ የውስጡን ንጣፍ ከነካ ወይም ከሹፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ከሆነ "ይሄ ይቀየር" ብለው ይመልሳሉ። ገንዘብ በእጁ ይዞ የሚለምናቸውንም ጭምር። የፊት መስታወት የመኪናው አካል ጥንካሬ ላይ ድርሻ አለው፤ በብዙ መኪኖች ደግሞ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲነፋ የሚደገፈው እሱን ነው። መስታወቱ ላይ ካሜራ ያለው መኪና ከሆነ መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ጋሼ የዚያ መሣሪያ ስለሌላቸው ወዳለው ይልካሉ።

የሚጠግኑትንም ቢሆን አስቀድመው "ትንሽ ምልክት ይቀራል" ይላሉ። ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዘዋል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ትቶ ይሄዳል። እኔ በልቤ ደንበኛ አባረሩ እል ነበር፤ አሁን የሄደው ሰው ሌላ ይዞ ሲመጣ እያየሁ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ዝግተኛ ናቸው። ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም። የምትቸኩሉ ከሆነ ትናደዳላችሁ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ተለማማጅ ይቀበላሉ፤ ግን በአንዴ ከአንድ ሰው በላይ አይይዙም። ሰርተፍኬት ብቻ ፈልጎ የሚመጣም አይመቻቸውም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ለጥገና የምትሄዱ ደግሞ እስክትደርሱ የተመታው ቦታ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት፤ አቧራና ውሃ አይግባበት። መኪናውንም አታሳጥቡ። ሱፐር ግሉ ደግሞ በፍጹም፤ እሱ ከገባበት በኋላ ጋሼም ምንም ሊያደርጉላችሁ አይችሉም።