ኮሎምቦ ለምትሄዱ፦ ይህን የባጃጅ ሹፌር ያዙ

ስሪላንካ ለመሄድ የምታስቡ ወገኖች፣ በተለይ ከዱባይና ከዶሃ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትነሱ፣ ይህች ጽሁፍ ለእናንተ ናት። ኮሎምቦን ያሳየንን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል።

ስሙን እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ ልጄ እንደሚጠራው «አንክል» ልበለው። እዚያ አገር ልጆች ትልልቅ ሰዎችን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዋጋውን ገና ሳንሳፈር ነገረን፤ ማታ ስንለያይም ያችኑ ተቀበለ። አንዳንድ ሹፌር ሳትጠይቁት የከበሩ ድንጋዮች መሸጫ ይወስዳችኋል፣ ከገዛችሁ ኮሚሽን ያገኛል። አንክል እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የለበትም።

ይህን የምጽፈው ግን ለዋጋው ብዬ አይደለም። የተማረበትን ትምህርት ቤት ታሪክ እንዴት አድርጎ እንደነገረን ብታዩ! አናንዳ ኮሌጅ ይባላል። ኮሌጅ ይባል እንጂ ከ1ኛ እስከ 13ኛ ክፍል የሚያስተምር የወንዶች የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

የጀመረልን ከፎርት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። እዚያ የሄንሪ ስቲል ኦልኮት ሐውልት አለ። ኦልኮት አሜሪካዊ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ኮሎኔል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ደሴቲቱ ሲገባ አገሩ በእንግሊዞች እጅ ነው። ጥሩ የእንግሊዝኛ ትምህርት የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ነበር። ቡድሂስቱ ወላጅ ልጁ እንግሊዝኛ ችሎ ሥራ እንዲይዝለት ይፈልጋል፤ ሃይማኖቱን እንዳይለቅበት ደግሞ ይሰጋል። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ለቆጠርን ሰዎች ይህ ጭንቀት እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ፔታ ገበያ ይዞን ገባ። ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ጩኸቱ፤ ባጃጁ አልንቀሳቀስ አለ። ማሊባን መንገድ ላይ ሞተሩን አጠፋና «እዚህ ነው የተጀመረው» አለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1886 ኦልኮት የመሠረተው የቡድሂስት ቴዎሶፊ ማኅበር በዚህ መንገድ ላይ በ37 ተማሪዎች ትምህርት ቤቱን ከፈተ። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር እንግሊዛዊው ቻርለስ ሊድቢተር ነበር። በ1895 ማራዳና ወደሚባለው የኮሎምቦ ሰፈር ተዛወረና አናንዳ የሚለውን ስም ያዘ። አናንዳ የቡድሃ የቅርብ ደቀ መዝሙር ነው። በ1961 ትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። ዛሬ ወላጅ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ በአገሪቱ ነፃ ትምህርት የመጣው በ1940ዎቹ፣ በሚኒስትር ካናንጋራ ዘመን ነው።

ማራዳና የደረስነው ተማሪ ሲለቀቅ ነው። ትንንሾቹ በነጭ ሸሚዝና በሰማያዊ ቁምጣ፣ ትልልቆቹ በነጭ ሱሪ፣ ከበሩ ጎርፈው ወጡ። አንክል ባጃጁን ራቅ አድርጎ አቆመ። ያለ ፈቃድ ግቢ አይገባም አለን፤ የልጆቹን ፊት ፎቶ እንዳናነሳም ለመነን። ሌላው ቢሆን «ለዘበኛው ትንሽ ነገር ስጡትና ግቡ» ይል ነበር። እኔ ሰውየውን ይበልጥ ያከበርኩት እዚህ ላይ ነው።

እዚያው ቆመን የልጅነቱን አወራልን። ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በአንድ ድምፅ አምስቱን የቡድሂዝም ትእዛዛት ይላሉ፤ አልገድልም፣ አልሰርቅም እያለ የሚቀጥለውን። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ትምህርት የለም፣ በየወሩ በዓል ነው። በግንቦት ቬሳክ ለሚባለው ትልቅ የቡድሂስቶች በዓል በቀርከሃና በቀጭን ወረቀት ፋኖስ ይሠራሉ። እሱ ቁምጣውን ጥሎ ረጅም ሱሪ የሚለብስበትን ዓመት እንዴት ይናፍቅ እንደነበር ሲነግረን ልጄ ሳቀ።

ከሁሉ በላይ ፊቱ የበራው ስለ ክሪኬቱ ሲያወራ ነው። አናንዳ በየዓመቱ ከናላንዳ ኮሌጅ ጋር ይጋጠማል። ናላንዳ በ1925 ከራሱ ከአናንዳ የወጣ ትምህርት ቤት ነው፤ የሁለቱም ቀለም ጥቁር ቀይ ስለሆነ ግጥሚያው የሚጠራው በዚሁ ቀለም ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ሽበታቸውን ይዘው፣ ባንዲራ እያውለበለቡ፣ ከሙዚቃ ባንድ ጋር ይጨፍራሉ። በ1996 ስሪላንካን የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ባለቤት ያደረገው ካፒቴን አርጁና ራናቱንጋ የአናንዳ ልጅ ነው። አንክል ይህንን የነገረን በኩራት ነው፣ ደግሞም ይገባዋል።

ልጄ ታሪክ ሲባል ያዛጋ ነበር። ሆቴል ስንመለስ ስለ ኦልኮት ለእናቱ ሲያስረዳት ሰማሁት። ለዚህ ምን ብዬ አመሰግናለሁ?

እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው፣ አነዳዱም ረጋ ያለ። ለልጆች የሚሆን ውሃ ይዞ ይመጣል። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት። ተማሪዎቹ ሲወጡ ማየት ከፈለጋችሁ በትምህርት ቀን፣ በኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ማራዳና መድረስ አለባችሁ፤ ስለዚህ ፔታን ጠዋት ጨርሱ። አንክል፣ እግዜር ይስጥልን።