ማስጠንቀቂያ፦ "ካሜራህ ላይ ሰካት፣ ቦታውን ራሷ ትጽፍልሃለች" ለምትባሉ ሁሉ

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ካሜራ ይዛችሁ የምትሠሩ፣ በተለይ የሠርግ ወቅት ሲያልፍ ለጥናት፣ ለቅርስ ወይም ለግንባታ ክትትል ፎቶ የምታነሱ ወንድም እህቶች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይችን አንብቧት። ሰሞኑን አንዲት ትንሽ ጥቁር ዕቃ "የካሜራ ጂፒኤስ" እየተባለች እየተሸጠች ነው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ትበልጣለች፤ አናቷ ላይ አረንጓዴ መብራት፣ ከሥሯ ደግሞ የፍላሽ እግር የመሰለ ነገር አላት። ካርቶኗ ላይ የሳተላይትና የተራራ ሥዕል እንጂ የሠሪው ስም የለም። እኔ 14,500 ብር ከፍዬባታለሁ።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ዕቃዋን ካወቃችኋት ሱቁ የትም ይሁን ለውጥ የለውም።

ነገሩ የጀመረው በእህቴ ልጅ ነው። ጂኦሎጂ ይማራል፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የመሬት መንሸራተት ላይ ነው፤ የደሴ ልጅ ሆኖ ሌላ ርዕስ ቢመርጥ ነበር የሚገርመኝ። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ ያዘነበለውን የመብራት እንጨት፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሐረጎ ላይ፣ ከሥሩ የተቦረቦረውን የመንገድ ዳር ሁሉ በፎቶ ይፈልጋል። ፎቶው ብቻ ግን አይበቃውም። እያንዳንዱ የት ተቁሞ እንደተነሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ መታወቅ አለበት፤ ከክረምት በኋላ ተመልሶ ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ የሚያየው በዚያ ነውና። "ጋሼ፣ ያንተ ካሜራ ይሻላል፣ አብረን እንውጣ" አለኝ። የእኔ ካሜራ ሥዕሉ ሸጋ ነው፣ ግን ጂፒኤስ የሌለው የድሮ ዲጂታል ነው።

ሻጩን ስጠይቀው "አብሽር!" አለኝ። "አናቱ ላይ ትሰካታለህ፣ ፎቶ ባነሳህ ቁጥር ቦታውን ራሷ ትጽፍልሃለች። ሲም የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ቀጥታ ከሳተላይት ነው። ስልክማ ኔትወርክ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?" ከሱቁ ደጅ ይዟት ወጣ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እስክትል ጠበቅን፣ ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ካርታ ከፈተልኝ። ቀይዋ ነጥብ ከቆምንበት በር ላይ ቁጭ አለች። 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ምሥራቅ፤ ደሴ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። እኔም ያለቀልኝ እዚያው ላይ ነው። ቦታውን እንዲህ ልቅም አድርጋ የነገረችኝ ዕቃ በሌላ ነገር ትዋሸኛለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር? 18,000 ብሎ የጀመረውን 14,500 ላይ ተስማማን። ደረሰኝ ስጠይቅ "ደረሰኝ ካልክ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል" አለኝ፣ ተውኩት። ይሄኛው ጥፋት የራሴ ነው።

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ከጠዋት እስከ ማታ ዞርን። 212 ፎቶ አነሳሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ስከፍታቸው አንዱም ላይ የቦታ መረጃ የለም።

ያኔ ነው አገላብጬ እግሯን ያየሁት። የእውነተኛ ፍላሽ እግር ከሥሩ የብረት ነጠብጣቦች አሉት፤ ካሜራውና ፍላሹ የሚነጋገሩት በእነሱ ነው። የእሷ እግር ልሙጥ ፕላስቲክ ነው። ካሜራዬ ቀኑን ሙሉ እንደ ባርኔጣ ተሸክሟት ዋለ እንጂ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። በገመድ ይሆን ብዬ ብፈልግ፣ ያላት ቀዳዳ ለቻርጅና ለኮምፒውተር ብቻ ነው። ፎቶው ውስጥ በቀጥታ የሚጽፉ መሣሪያዎች አሉ፤ የኒኮን ጂፒ-1 በገመድ፣ የካኖን ጂፒ-ኢ2 በፍላሽ መሰኪያው ወይም በገመድ ይህን ያደርጋሉ። ግን የሚሠሩት ከራሳቸው ኩባንያ ካሜራ፣ እሱም ከተወሰኑ ሞዴሎች ጋር ነው። "ለሁሉም ካሜራ ይሆናል" ሲሏችሁ እግሩን ገልብጡና እዩት።

ታዲያ ምንድን ናት? መንገድ መዝጋቢ ናት። በየተወሰነ ጊዜ "በዚህ ሰዓት እዚህ ነበርኩ" እያለች ትጽፋለች። ካሜራው በበኩሉ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ያስቀምጣል። ማታ አንድ ሶፍትዌር ሁለቱን በሰዓታቸው ያጋባቸዋል፦ ይህ ፎቶ ሲነሳ መሣሪያዋ የት ነበረች? ዘዴው የተናቀ አይደለም፣ ብዙ ባለሙያ የሚሠራበት ነው። ሰውዬው በግልጽ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር። ግን እንዲህ ከሆነ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው ሰዓት ላይ ነው፣ ጉዱም የተደበቀው እዚያው ነው።

ሶፍትዌሩ "የሚገጥም ነጥብ የለም" አለ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው፣ ጥፋትም አላጣሁም። የካሜራዬ ሰዓት የተሞላው በሐበሻ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 3:00 ይላል። ይህ በፈረንጅ 9:00 ነው። ጂፒኤስ የሚጽፈው ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ከፈረንጁ የእኛ ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ የሚቀረውን ነው፤ 6:00 ማለት ነው። ስለዚህ በሐበሻ የተሞላ ካሜራ ለሶፍትዌሩ ብራዚል ያለ ይመስለዋል። የሰዓት ቀጠናውን የብራዚሊያ ብታደርጉት ልክ ይገጥማል፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሞክሩት። ዓመተ ምሕረቱንም በሐበሻ የምትሞሉ አላችሁ። የእናንተ ፎቶ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደኋላ ቀርቷልና እሱን አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

ሰዓቱን አስተካከልኩ። አሁንም የሚገጥም ነጥብ የለም።

የእህቴ ልጅ የመሣሪያዋን ፋይል በኖትፓድ ከፈተው። ተራ ጽሑፍ ነው፣ ማንም ያነበዋል። ቀኑ 2006-03-11 ይላል። "በሐበሻ ነው እንዴ የምትቆጥረው?" ብዬ ልስቅ ስል፣ በሐበሻም ቢሆን 2018 ላይ ነን። ትክክለኛው የፈረንጅ ቀን ኦክቶበር 25 ቀን 2025 ነበር። ልጁ ስልኩ ላይ ሲያሰላ ቆየና "ጋሼ፣ ልዩነቱ 7,168 ቀን ነው። 1,024 ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳይጎድል" አለኝ። ማርች 11 ቀን 2006ም ቅዳሜ ነበር።

ነገሩ የታወቀ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ቀኑን የሚናገሩት ከጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ጀምሮ በሚቆጠር የሳምንት ቁጥር ነው። በቆየው መልእክታቸው ውስጥ ለዚህ ቁጥር የተሰጠው ቦታ ግን ከ0 እስከ 1,023 ብቻ ይይዛል፤ ሲሞላ እንደ አሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አንዴ በኦገስት 1999፣ ሁለተኛ በኤፕሪል 2019 ተመልሷል፤ የሚቀጥለው በ2038 ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ይህን እንዲያውቅ ካልተደረገ፣ የዛሬውን ቀን የዛሬ 20 ዓመት ግድም አድርጎ ይወስደዋል። ቦታውን ግን አይስትም። ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ቅዳሜ መሆኑን እንኳ አይስትም። ለዚህ ነው ሱቅ ደጃፍ ላይ ስትፈትኗት ፍጹም ጤነኛ የምትመስለው። የእኔ ግምት፣ የሆነ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛች ዕቃ አዲስ ካርቶን ለብሳ መጥታለች። ደህና ኩባንያ ለእንዲህ ያለው ችግር ማስተካከያ ፕሮግራም ያወጣል፤ የእሷ ኩባንያ የት ይገኝና?

እኛ በቀላሉ ወጣነው። ሥራው የአንድ ቀን ስለነበረ ልጁ ፋይሉ ውስጥ 2006-03-11 ያለውን በሙሉ በ2025-10-25 ተካው፣ ሶፍትዌሩም 212ቱን ፎቶዎች አጋባ። ደስ ብሎን ቡና ተፈላ። ቶናው ላይ ስንደርስ ካርታውን አጉልቶ ሲያይ የሐረጎ ፎቶዎች ተበላሽተዋል። ዕቃዋ የምትመዘግበው በደቂቃ አንድ ነጥብ ነው። በእግር ለሚሄድ ሰው ይህ ክፉ አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን በአንድ ደቂቃ ከ660 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሶፍትዌሩም በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን በቀጥታ መስመር ነው የሚሞላው። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዚያ ቀጥታ መስመር የሚባል ነገር የለም። በመኪና መስኮት ያነሳኋቸው ሦስት ፎቶዎች ገደል ውስጥ የተነሱ ሆነው ወጡ። ነጥቡን እንዳናበዛው፣ ማስተካከያው አብሯት በመጣው ሲዲ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ባለን ዊንዶውስ ላይ አልከፍት አለ።

ሰኞ ይዣት ተመለስኩ።

"ቦታውን ዋሸችህ?" አለኝ ሻጩ።

"አልዋሸችኝም።"

"እንግዲያ ምን ሆነች? ቀን ለማወቅ እኮ ካላንደር አለ።"

ከጀርባው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አላት። ለመክሰስ ግን መግዛትህን ማሳየት አለብህ፣ እኔ ደግሞ ደረሰኝ የለኝም። የ15 በመቶዋ ቁጠባ ጠቅላላውን ይዛብኝ ሄደች።

አሁን ስለ ስልኩ። "ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም" ያለው ነጭ ውሸት ነው። ስልካችሁ የራሱ የጂፒኤስ መቀበያ አለው፤ የሚሰማው እነዚያኑ 20,200 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያሉትን ሳተላይቶች ነው። ኔትወርኩ የሚጠቅመው ሳተላይቶቹን ቶሎ እንዲያገኝ ነው። ዳታ ከሌለ ሜዳ ላይ ወጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ታገሱት፤ አራት ሳተላይት ካገኘ ይበቃዋል። ሰማዩ ክፍት ከሆነ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይጠጋል። ላሊበላ ወርዶ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ ለሚያነሳ ሰው ግን ስልክም ሆነ ማንኛውም መቀበያ ይቸገራል፣ ሰማዩ ጠባብ ነዋ። ቦታውን ከላይ ከጠርዙ ላይ ያዙት።

በሁለተኛው ቅዳሜ የሠራነው በልጁ ስልክ ነው። መንገድ የሚመዘግብ ነፃ መተግበሪያ ጫነ፣ በየ5 ሰከንዱ እንዲጽፍ አደረገው፣ ኪሱ ከተተው። እኔ ከመነሳታችን በፊት የስልኩን ሰዓት ሰከንዱ እየታየ በካሜራዬ ፎቶ አነሳሁት። ይህች ዘዴ ወርቅ ናት፦ ካሜራችሁ የቱንም ያህል ቢሳሳት፣ በብራዚልም ይሁን በሐበሻ፣ ስልኩ ከሚለውና ካሜራው ከመዘገበው ልዩነቱን እስከ ሰከንድ ታገኙታላችሁ። ማታ ማጋባቱን ጂኦሴተር ወይም ዲጂካም የሚባሉ ሶፍትዌሮች በነፃ ይሠሩላችኋል፤ ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈራ ደግሞ ኤግዚፍቱል አለ። ቅጂ ላይ እንጂ ዋናው ፎቶ ላይ አትሞክሩ፤ ለስልኩም ፓወር ባንክ ያዙ። አዲስ ካሜራ ያላችሁ ይህም አያስፈልጋችሁም፣ ብዙዎቹ በብሉቱዝ ቦታውን ከስልክ ይቀበላሉ።

የለም፣ ለብቻው መሣሪያ ያስፈልገኛል የምትሉ ካላችሁ፣ ሻጩ ካርታ ሲያሳያችሁ አትደነቁ። የመዘገበችውን ፋይል በኖትፓድ ክፈትልኝ በሉት፣ ዓመቱን እዩ። "ፎቶ ውስጥ ትጽፋለች" ካለ እሷ ካሜራው ላይ ተሰክታ የተነሳ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ ግን በፋይል መልክ። በተራ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም መረጃውን ያራግፈዋልና ምንም ማረጋገጥ አትችሉም። በዚያው ልንገራችሁ፣ የገዳም ብራና ወይም የደላንታ ኦፓል ጉድጓድ ያነሳችሁ፣ ቦታው የተጻፈበትን ዋና ፋይል ለማያውቁት ሰው እንዳትሰጡ። ሌባ ካርታ እያነበበ እንዲመጣ መንገር ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ሦስት ፍሬ መስኮቱ ላይ ተደርድረው አየኋቸው። ዋጋቸው 16,000 ሆኗል።