ቱነርና ሜትሮኖም መርጠው ለሚሰጡን ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ስሜና ስልኬ አደባባይ አይውጣ ስላሉን አንጽፈውም። ሱቃቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀን፣ እንመራዋለን።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ክራር፣ በገናና ማሲንቆ የምናስተምር ነን። እሳቸው ዋና ሥራቸው መሣሪያ መጠገን ነው፤ ክር፣ ማጠንጠኛ፣ ቱነር (የክሩ ድምፅ ልክ መሆኑን የሚያሳይ ዕቃ) እና ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር ዕቃ) ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ተማሪ ገብቶ «ቱነርና ሜትሮኖም አንድ ላይ ያለው አለዎት?» ሲል ዋጋ አይጠሩም። መሣሪያህ ምንድን ነው? ብቻህን ነው የምትለማመደው ወይስ ከከበሮ ጋር? ስልክህ ምን ዓይነት ነው? ይላሉ። ስልኩ ደህና ከሆነ «ለመጀመሪያዎቹ ወራት በነጻ አፕ ተለማመድ፣ ሲያንስህ ትመጣለህ» ብለው ባዶ እጁን ይሸኙታል። ሊሸጥ ሱቅ ከከፈተ ሰው አፍ ይህን መስማት ብርቅ ነው።

ስልክ የት ላይ እንደሚያንስም አይደብቁም። የስልክ ማይክሮፎን የተሠራው ለንግግር ነው። ድምፅ ማጣሪያው ረዘም ብሎ የሚቆይ ወጥ ድምፅን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ሊያደበዝዘው ይችላል፤ የበገናን ወፍራም አውታር ደግሞ በደንብ አይዝም። ስልክ ሲደወል ምቱ ይቋረጣል። በብሉቱዝ ማዳመጫ የሚሰማ ምት ከስክሪኑ ብልጭታ ወደኋላ ስለሚቀር፣ እያየም እየሰማም የሚለማመድ ልጅ የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። መፍትሔው ባለገመድ ማዳመጫ ነው፤ ካልተገኘ ስክሪኑን ደፍቶ በጆሮ ብቻ መከተል። ቱነር ሊከፍት የተነሣ ጣት ቴሌግራም ላይ ማረፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ራሱን የቻለ ዕቃ መግዛት ከተወሰነ የመጀመሪያው ጥያቄ ክሮማቲክ ነው ወይ የሚለው ነው፤ 12ቱንም ግማሽ ድምፆች (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል) ይለያል ወይ ማለት ነው። ለጊታር ብቻ የተሠራ ቱነር የሚያውቀው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ እና ቢ የሚባሉትን ድምፆች ብቻ ነው። ሲ ሻርፕ (ከሲ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ላይ ያለ የክራር ክር ብታሰሙት ወደ ዲ እንድታጠብቁት ይነግራችኋል፤ እሱን ያመነ ክሩን ይበጥሳል። መሣሪያው ላይ ቆንጥጠው የሚያዙት ክሊፕ ቱነሮች ላይ ብዙ ጊዜ ሲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ቪ፣ ዩ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት በየተራ ይመጣሉ። ሲ የሚለው ክሮማቲክ ነው፤ ሌሎቹ ለጊታር፣ ለቤዝ፣ ለቫዮሊንና ለኡኩሌሌ ናቸው። «ቱነሬ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣላቸው ዕቃ ብዙው ጂ ላይ የተረሳ ነው። አንዴ ቁልፉን ነክተው ይመልሱታል፣ ገንዘብም አይቀበሉም።

ሌላው ነገር፣ ቱነር ቅኝት አያውቅም። ትዝታ የሚል ቁልፍ የለውም። ለዚህ ሲሉ ጋሼ ከዕቃው ጋር አንዲት የካርቶን ቁራጭ ይሰጣሉ፤ ከመነሻው ድምፅ ተነሥቶ በግማሽ ድምፅ እየተቆጠረ ወደ ቀጣዩ ስንት እንደሚኬድ የተጻፈባት ናት። ትዝታ ሙሉ 2-2-3-2-3፣ ትዝታ ግማሽ 2-1-4-1-4፣ ባቲ ሙሉ 4-1-2-4-1፣ አምባሰል 1-4-2-1-4፣ አንቺሆዬ 1-4-1-3-3። የመጨረሻው ቁጥር ወደ መነሻው ይመልሳል፤ እያንዳንዱም ሲደመር 12 ይመጣል። መነሻችሁ ሲ ቢሆን አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት (ከዲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ዘፋኙ ከፍ አድርጉልኝ ብሎ መነሻው ዲ ቢሆን ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ይሆናል። ርካሽ ቱነሮች ግን ሁሉን በሻርፕ ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ዲ ፍላት ስትጠብቁ ሲ ሻርፕ ቢመጣ አትደንግጡ፣ ያው አንድ ድምፅ ነው።

ይህ ቁጥር የፒያኖ ልክ ነው፤ የአዝማሪ ጆሮ ሁልጊዜ እዚያ ላይ አያርፍም። ጋሼን በተለይ የምናመሰግናቸው እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃውን በጆሮ ምትክ አይሸጡትም። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው፣ ቱነሩም ከመሃል ስንት ሴንት እንደወጣችሁ ያሳያል። አስተማሪው በጆሮው የቃኘውን ክራር ተማሪው ክር በክር ቱነር ላይ ያነብና ደብተሩ ላይ ይመዘግባል፤ ለምሳሌ «3ኛ ክር፣ ኤፍ፣ 12 ሴንት ዝቅ»። ቤቱ ሄዶ ያንኑ መልሶ ያወጣል። በዚህ መንገድ ቱነሩ የመምህሩን ቅኝት ቤት ድረስ ተሸክሞ ይሄዳል። መርፌው መሃል አልቆመም ብሎ የመምህሩን ቅኝት «ማስተካከል» ግን ድፍረት ነው። እንዲህ ለማንበብ በ1 ሴንት የሚለይ ቱነር ይበቃል። እስከ 0.1 ሴንት የሚለዩ ስትሮብ ቱነሮች አሉ፤ መሣሪያ ለሚሠራና ለሚጠግን ሰው ካልሆነ ለተማሪ ትርፍ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ክራሩ። ብዙ ሰው ቱነሩ «ይዋልላል» ይላል። ክራር ላይ ሁሉም ክር ክፍት ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌሎቹ አብረው ይንጫጫሉ፣ ቱነሩም የማንን እንደሚያነብ ግራ ይገባዋል። የማትቃኙትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች አፍኑ። ክሩን መሃሉ አካባቢ በለስላሳ እጅ ምቱ። በኃይል የተመታ ክር መጀመሪያ ከልኩ ከፍ ብሎ ይነሣና ይወርዳል፤ ስለዚህ መርፌውን ከመታችሁበት ቅጽበት ሳይሆን ከግማሽ ሰከንድ በኋላ አንብቡት። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ልኩ ላይ ድረሱ። ካለፋችሁት ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ውጡ፤ እያላላችሁ ያቆማችሁት ክር ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ከአንደኛው ጀምሩና ድገሙ፣ ምክንያቱም የኋለኞቹ ሲጠብቁ ቀንበሩን (ክሮቹ የሚጠነጠኑበትን የላይኛውን አግዳሚ እንጨት) እና ቆዳውን ስለሚጫኑ የፊተኞቹ ይላላሉ። አዲስ የናይለን ክር ደግሞ እስኪለጠጥ ድረስ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ቱነሩን አትውቀሱት። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ስቦ ሲላላ ጠቅላላው ክራር ዝቅ ይላል፣ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ይወጣል።

ክሊፑ የሚያዘው ቀንበሩ ላይ ነው። ገበቴው ላይ መያዣ የለውም፤ የክራሩ ክንድ ላይም ቢሆን ንዝረቱ ደካማ ነው። በገና ላይ እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ስለሚነዝር ቱነሩ ዋናውን ድምፅ ትቶ ከላዩ አብረው የሚወጡትን ቀጠን ያሉ ድምፆች ይይዛል፣ የአንዱንም አውታር ስም ሦስት ጊዜ ይለዋውጣል። ለመቃኘት ሲባል የዚያን አውታር እንዝራ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፤ ከተቃኘ በኋላ መልሱት። ማሲንቆ ቀላሉ ነው፣ ቀስቱ እስከተሳበ ድምፁ አይሞትም፤ ቱነሩ ላይ ግን የሚታየው የጣታችሁ ቦታ ጭምር ስለሆነ መጀመሪያ የጭራ ክሩን ያለ ጣት ቃኙ። ዋሽንት አይቃኝም፤ አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ግን ወደ 3 ሴንት ገደማ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ተነፍቶ ሳይሞቅ አትለኩት።

አንዲት ቁልፍ አለች ብዙ ጣጣ የምታመጣ። የኤ ልክ መቀየሪያ ናት። መደበኛው 440 ሄርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ነው፤ ሳይታወቅ ትነካና 442 ላይ ትቀመጣለች። ልዩነቱ 8 ሴንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ለብቻው ለሚለማመድ ሰው አይታወቅም። ሁለት ተማሪዎች አንዱ በ440 አንዱ በ442 ቃኝተው ያንኑ ኤ አብረው ሲመቱ ግን ድምፁ በሰከንድ 2 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለቱም «የኔ ልክ ነው» ይላሉ፣ ሁለቱም ቱነር ያሳያሉ። ዕቃውን ባበራችሁ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ቁጥር እዩ።

ስለ ሜትሮኖሙ ብዙ ሻጭ የሚነግራችሁ ፍጥነቱን ብቻ ነው። ለእኛ ሙዚቃ ዋናው ነገር ምትን ለሦስት ይከፍላል ወይ የሚለው ነው። ችክችካ 6/8 ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ። ሜትሮኖሙን 6 ላይ አድርጎ ትንንሾቹን ማስቆጠር ይቻላል፣ ግን ጣሪያ አለው። ብዙዎቹ በደቂቃ ከ30 እስከ 250 ምት ገደማ ነው የሚሄዱት። 252 የሚደርስ ዕቃ ለሦስት ሲካፈል ትልቁ ምት 84 ላይ ይቆማል። ሞቅ ያለ ጭፈራ በትልቁ ምት 120 ከሆነ ትንንሾቹ 360 ይሆናሉ፤ ዕቃው አይደርስበትም። ስለዚህ ፍጥነቱን 120 ላይ አድርጎ ትሪፕሌት የሚባለውን መምረጥ ነው፤ በሳጥኑ ላይ ሦስት ኖታ ከላያቸው 3 ተጽፎ የሚታየው ምልክት ነው። ትሪፕሌት የሌለው ሜትሮኖም ለምዕራብ ልምምድ ይበቃ ይሆናል፣ ለችክችካ ግን አይረባም። ክሊፕ ቱነሮች ላይ «ሜትሮኖም አለው» የሚለውንም አጣሩ፤ ብዙዎቹ ብልጭ ይላሉ እንጂ አይሰሙም፣ እጁን እያየ የሚመታ ጀማሪ ብልጭታ አያይም።

ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማሠራትም ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ዕቃ ሜትሮኖሙ ሲበራ ቱነሩ ይጠፋል። ሁለቱም አብረው የሚሠሩበት ላይ ደግሞ የምቱ ድምፅ በራሱ ማይክሮፎን ተመልሶ እየገባ መርፌውን ያስደነብረዋል፤ ያኔ ባለገመድ ክሊፕ ማይክሮፎን ቀንበሩ ላይ ይደረጋል፣ ምቱም በማዳመጫ ይሰማል። ከበሮ ባለበት ማዳመጫው ግዴታ ነው፣ የትንሽ ዕቃ ስፒከር አይሰማም።

ይህን ሁሉ ከሚያሟሉት ጋሼ ደጋግመው የሚያወጡት ኮርግ ቲኤም-60 የተባለውን ቱነርና ሜትሮኖም አንድ ላይ ያለው ዕቃ ነው፣ እኛም እንስማማለን። ክሮማቲክ ነው፤ ከ32.70 እስከ 4186 ሄርዝ ያነባል፣ የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር 41.2 ስለሆነ ወደ ታች አያንስም። የኤ ልኩ ከ410 እስከ 480 ይቀየራል። ፍጥነቱ ከ30 እስከ 252፣ ትሪፕሌት አለው፣ ቱነሩና ሜትሮኖሙ አብረው ይሠራሉ። የኤሌክትሪክ ክራር ገመድ የሚሰካበት 6.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና የማዳመጫ ቀዳዳ አለው። ስሙ ሲ በሚል ፊደል የሚያልቀው ክሊፕ ማይክሮፎኑ አብሮት ያለው ነው፤ ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ በዘመድ የምታስመጡ ይህችን ፊደል አስምሩባት፣ ካለዚያ ማይክሮፎኑን ለብቻው ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ዋጋ አንጽፍም፣ ዛሬ የጻፍነው ነገ አይሠራም።

ጋሼ ሲሸጡ ፊታችሁ ይፈትሹታል፤ ሌላ ቦታ የምትገዙም ይህን አስደርጉ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው ከስልክ የሰከንድ ቆጣሪ ጋር ለ2 ደቂቃ ያስኬዱታል፤ 120 ምት ቆጥሮ ከሰከንዱ እኩል መድረስ አለበት። ከዚያ ከስልክ 440 ሄርዝ ያሰሙትና መርፌው መሃል ቀጥ ብሎ መቆሙን ያያሉ። በመጨረሻ የባትሪውን ክዳን ይከፍታሉ። የሚወስደው 2 ትሪፕል ኤ ነው፤ ለሳምንታት የማይነካ ከሆነ ባትሪው ይውጣ። ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከሠራም አትጣሉት፦ ጥጥ በትንሽ ኮምጣጤ ነክራችሁ ብረቱን ጥረጉት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

እንከናቸውንም እንናገር፦ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ አለ፣ ጥገና ላይም አይቸኩሉም፤ የበዓል ዋዜማ ላይ ክራር ይዞ ሄዶ ለነገ ማለት አይሆንም። ስትሄዱ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቱነሩን የሚመርጡት የእናንተ ክራር ቀንበር ላይ ክሊፑን አስይዘው፣ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ ካነበበ በኋላ ነው።